ቶር ቤላ ሞናካን ያልተረዳ ሐተታ

የሮም ዳርቻ ነዋሪ ከጥንትም ቀኝ ነው፣ የሚመርጠውም ባለማወቅ ነው የሚል ሐተታ ታትሞ አነበብኩ። አልቀበለውም፤ መዝገቡ ሌላ ይናገራልና።

ሮም 15 ክፍለ ከተሞች አሏት። ጸሐፊው የወቀሱት 6ኛው፣ ቶር ቤላ ሞናካና ቶሬ አንጄላ ያሉበት፣ ከቀለበት መንገዱ ውጪ በምሥራቅ የተዘረጋ ነው። ይህ ክፍለ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 ግራ ዘመሙን፣ በ2016 ባለ አምስት ኮከቡን ንቅናቄ፣ በ2021 ደግሞ ቀኙን መረጠ። በ8 ዓመት ውስጥ ሦስቱንም የፈተነ ሕዝብ እንዴት ባለማወቅ ይከሰሳል? በ2016 የግራው ዴሞክራቲክ ፓርቲ ያሸነፈው በ1ኛውና በ2ኛው ብቻ ነበር፤ ማለትም በመሀል ከተማና የባለጸጎቹ ሰፈር ፓሪዮሊ ባለበት።

ምክንያቱ ኑሮ ነው። ሜትሮ ሲ ለዚህ ሰፈር የተከፈተው በኅዳር 2014 ነው፤ ከኤ መስመር ጋር በሳን ጆቫኒ የተገናኘው ግን በ2018። እስከዚያ ለሥራ መሀል ከተማ የሚወርደው ሠራተኛ በየጠዋቱ ሲንገላታ ኖሯል።

ቅሬታው የዚህ ሰፈር ብቻ አይደለም፤ በ2021 የከንቲባ ምርጫ የመጨረሻ ዙር ከመላው ከተማ ድምፅ የሰጠው ከ100 መራጭ 41 ያህሉ ብቻ ነው። በሰፈሩ የሚኖረው የጣሊያን ዜግነት የሌለው ሐበሻማ ለክፍለ ከተማው ምክር ቤት እንኳ መምረጥ አይችልም። ጸሐፊው ሕዝቡን መውቀሱን ትተው፣ ቃል ገብተው የቀሩትን ሦስቱንም ወገኖች ይጠይቁ።