«ሕዝቡ ገና አልደረሰም»

የእስያን ዕድገት የሚያደንቁ ኢትዮጵያውያን አንድ ክርክር ይወዳሉ፦ «ኮንፊሽየስ ያስተማረው ታላቅን ማክበር እንጂ ምርጫን አይደለም። እኛም የሽማግሌ አገር ነን፤ ዴሞክራሲ ይቆየን።»

ኢትዮጵያ ይህን ሞክራዋለች። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም የታወጀውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት የሸዋው ተወላጅ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። አብነቱ የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። የያኔዋ ጃፓን የኮንፊሽየስን ምግባር ለንጉሠ ነገሥት መታዘዣ አድርጋ በየትምህርት ቤቱ ታስተምር ነበር። 55 አንቀጽ ያለው የኢትዮጵያው ሕግም የንጉሠ ነገሥቱን ክብር የማይደፈር አደረገ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ደግሞ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ፣ መኳንንትና የአገር ሹሞች እንዲመርጡለት ደነገገ። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን ራሱ የመረጠው በ1950 ዓ.ም ነው።

ሕዝብ መድረሱን የሚወስነው ሹመኛው ከሆነ፣ ቀኑ ሁልጊዜ ነገ ነው።

ደብረ ብርሃንና አንኮበር አካባቢ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ግን «አልደረሳችሁም» የሚላቸው የለም። እያንዳንዳቸው የሚያምኑትን ሽማግሌ ይጠራሉ። ሽበት ብቻውን ለሽምግልና አያስቀምጥም፤ የሚያዳላ ሰው ሁለተኛ አይጠራም። የሽማግሌው ክብር የሚመጣው ከመታመኑ ነው።

የኮንፊሽየስን ትምህርት ያስፋፋው ሜንሺየስም ከሁሉ የሚከብደው ሕዝብ፣ ከሁሉ የሚቀለው ንጉሥ ነው ብሏል። ደቡብ ኮሪያ ታላቅን ማክበር ሳትተው በ1980 ዓ.ም ፕሬዚዳንቷን በቀጥታ ወደ መምረጥ ተመለሰች፤ ታይዋን በ1988 ዓ.ም ተከተለች።

ሽምግልናችን ሴቶችንና ወጣቶችን ብዙ ጊዜ ከዳር ማስቀመጡ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ክቡን ማስፋት እንጂ ወንበሩን ለአንድ ሰው መስጠት አይደለም።

የዛሬው አደጋም እዚህ ላይ ነው። መንግሥትም ሆነ ታጣቂ የራሱን ሽማግሌ መርጦ «ሕዝቡ ተስማማ» ሲል፣ ዴሞክራሲውም ሽምግልናውም አብረው ይሞታሉ። አንዱ ወገን ብቻ የመረጠው ሽማግሌ መልእክተኛ ነው።

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ሕዝብ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ማለትንም ያውቃል። የመጀመሪያውን ያናገረው ፍርሃት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሕዝቡ ከደረሰ መቆየቱን ይመሰክራል።