ለማያውቁሽ ታጠኚ
(ስለ ተማሪ ብስክሌት)

ተማሪ ብስክሌት ሲገዛ ዕቃ ብቻ አይደለም የሚገዛው፤ ታክሲ በመጠበቅ የሚባክነውን ማለዳና ከቤተ መጻሕፍት አምሽቶ የመመለስን ነጻነት ጭምር ነው። ገንዘቡ ግን በብዙ ወር የተጠራቀመ፣ አንዳንዴም ከምሳ የተቀነሰ ነው። ስለዚህ አሳቤን በግልጽ ልናገር፤ በተማሪ ኪስ የተራራ ብስክሌት የሚሻ ሰው፣ ከርካሽ አዲስ ይልቅ ጤነኛ አሮጌ ቢገዛ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

አሮጌ መያዝ ያሳፍራል ለሚለኝ የዚህን ብስክሌት የትውልድ ሐረግ ላስታውሰው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ፣ በካሊፎርኒያ የታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ወጣቶች ባለ ወፍራም ጎማ አሮጌ ብስክሌቶችን በርካሽ እየገዙ ቁልቁለቱን ይጋልቡባቸው ነበር። በ1976 የተሽቀዳደሙበት ቁልቁለት «ሪፓክ» የተባለው፣ የኋላ ፍሬኑ ግሎ ግራሶው ስለሚቃጠልና ከጉዞው በኋላ እንደገና መሞላት ስለነበረበት ነው። ከመካከላቸው ጆ ብሪዝ ለዚሁ ግልቢያ የታሰበ አዲስ ብስክሌት የሠራው በ1977 ነው። የፊት ሞላማ ገበያ የወጣው ከዚያም ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ዛሬ በርካሹ አዲስ ብስክሌት ላይ ዓይን የሚስበው ግን ይኸው ሞላ ነው፤ ከፊትም ከኋላም። «ለማያውቁሽ ታጠኚ» ማለት ይህ ነው። በርካሽ የተሠራ የፊት ሞላ ብቻውን ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ድንጋይ ሲያገኝ ያነጥራል እንጂ ንዝረቱን አይውጥም፤ ዳገት ላይም የእግርን ጉልበት ይበላል። ለእርሱ የወጣው ገንዘብ ከፍሬኑ፣ ከቸርኬውና ከማርሹ የተቀነሰ ነው። ነገሩ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች እንግዳ አይደለም፤ አሳብ የጎደለው ግጥምም በቅጽል ብዛት ይሸፈናል። ወፍራም ጎማ ነፋሱ ጥቂት ቀነስ ቢልለት፣ ያለ ሞላም ኮረኮንቹን ያሳልፋል። ማርሽም እንዲሁ እንደ አገሩ ነው፤ በባሕር ዳር ሜዳ ላይ 21 ማርሽ ቅንጦት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዳገት ግን ቀላሏ ማርሽ ነፍስ ታድናለች።

አሮጌ ሲገዙ ታዲያ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነው። ቱቦዎቹ የተበየዱበት ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ይተዉት። ጎማውን አንሥተው ያሽከርክሩ፤ ቸርኬው ወዲያና ወዲህ መወላገድ የለበትም። ሰንሰለቱን ይለኩ፤ 24 ዓይን 30.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 30.7 ካለፈ ተለጥጧልና ጥርሶቹንም በልቶ ሊሆን ይችላል። በሁለት እግር ሲቆሙ የላይኛው ቱቦ ከሰውነትዎ ጥቂት ጣት ዝቅ ይበል። ገንዘቡም ሁሉ በአንድ ቀን አይለቅ፤ ከአምስት እጅ አንዱ ለቁልፍ፣ ለፓምፕና ለካላማዳሪ ይቀመጥ።

አዲስ ብስክሌት አንድ የማይካድ ብልጫ አለው፤ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። አሮጌውን ሲገዙ ይህንኑ ሻጩን መጠየቅ የገዢው ግዴታ ነው። ዋጋው ከልክ በላይ የረከሰ፣ ባለቤቱ ስለ አመጣጡ ሲጠየቅ የሚሸሽበት ብስክሌት፣ ከምሳው ቀንሶ የገዛው የሌላ ተማሪ ንብረት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ትቶ በእግር መሄድ ይሻላል።