የወደቀ ዛፍ እና የዘገየ ጥቆማ፦ የእንጦጦ የብስክሌት መንገዶች በክረምት

በክረምት ወራት በእንጦጦ ተራራ ላይ ተደጋግሞ የሚያጋጥም ሁኔታ አለ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ጭጋጉ ሲገፈፍ፣ ትናንት ክፍት የነበረው የጫካ ውስጥ መንገድ በወደቀ ባሕር ዛፍ ተዘግቶ ይገኛል። የመጀመሪያው ብስክሌተኛ ወርዶ ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ይሻገራል፤ ሁለተኛው በጎን በኩል ሣሩን ረግጦ ያልፋል፤ ሦስተኛው የሁለተኛውን ፈለግ ይከተላል። ብዙም ሳይቆይ ከዋናው መንገድ ጎን ሌላ መንገድ ይወጣል። ዛፉ መውደቁን ብዙ ሰው አይቷል፤ እያንዳንዱ ግን ሌላው ሳይናገር አይቀርም ብሎ በማሰብ ዝም ሊል ይችላል። ይህ ዝምታ ለተጠቃሚውም ሆነ ለተራራው ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል መገንዘብ ተገቢ ነው።

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ወዲህ የተራራ ብስክሌት የሚጋልቡ ዜጎችን ይስባል። ይሁን እንጂ በተራራው ላይ ያሉት መንገዶች የብስክሌተኛ ብቻ አይደሉም። አትሌቶች ልምምድ ይሠሩባቸዋል፤ ምእመናን ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ እንጦጦ ራጉኤል ይሄዱባቸዋል፤ እናቶች የማገዶ እንጨት ተሸክመው ይወርዱባቸዋል። በአንድ ጠመዝማዛ ላይ የተጋደመ ግንድ ቁልቁል እየፈጠነ ለሚመጣ ብስክሌተኛ የአካል ጉዳት ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ እርሱን ለመሸሽ የሚደረግ ድንገተኛ መታጠፍ ደግሞ እግረኛውን ለአደጋ ያጋልጣል።

ዛፎቹ በክረምት በብዛት የሚወድቁበት ምክንያት አለ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። አፈሩ ውኃ በጠገበ ጊዜ ሥሩን አጥብቆ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ በዚህ ላይ ነፋስ ሲጨመር ዛፉ ከነሥሩ ይነቀላል። በተለይ ጎርፍ ሥሩን ባራቆተበት ቦረቦር ዳር ወይም መንገድ ለማውጣት በተቆረጠ ዳገት ላይ ያሉ ዛፎች ለመውደቅ ቅርብ ናቸው። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ መሆኑም ይታወቃል። ከአሮጌ ጉቶ የወጡ ቀንበጦች አድገው ሲከብዱ ከጉቶው ጋር ያላቸው መያያዣ ስለሚላላ፣ በነፋስ ጊዜ ከመጋጠሚያቸው ይገነደሳሉ።

የወደቀው ዛፍ ሳይነሣ በቆየ ቁጥር ጉዳቱ ከመንገድ መዘጋት ያልፋል። በጎን በኩል የሚወጣው አዲስ መንገድ የውኃ ማፋሰሻ ታስቦለት የተሠራ አይደለም። በርጥብ አፈር ላይ የጎማ ዱካ የቦይ ቅርጽ ይይዛል፤ የሚቀጥለው ዝናብ በዚያ ቦይ ተሰብስቦ ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር አፈሩን እየጠረገ ዱካውን ወደ ቦረቦር ይለውጠዋል። የእንጦጦ ደቡባዊ ገጽ ውኃ ወደ አቃቂ ወንዞች፣ ከዚያም ወደ አዋሽ የሚፈስ በመሆኑ፣ ከተራራው የተጠረገው አፈር በከተማዋ የጎርፍ መውረጃ ቱቦዎችና በወንዞች ዳር ይከማቻል። አንድን ግንድ በወቅቱ ቆርጦ ማንሣት የአጭር ጊዜ ሥራ ነው፤ የተቦረቦረን ዳገት መልሶ ማዳን ግን ዓመታት ይፈጃል።

ስለሆነም ጥቆማ የአገልግሎቱ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። የጥበቃ ሠራተኞች ሰፊውን ጫካ በየሰዓቱ ሊያዳርሱት አይችሉም፤ ማለዳ የሚጋልበው ዜጋ ግን ቀድሞ ያያል። ጥቆማው ጥቅም የሚሰጠው ሠራተኞች ቦታውን በቀላሉ የሚያገኙበት ሲሆን ነው። «ጫካው ውስጥ ዛፍ ወድቋል» የሚል መረጃ ሰዓታት የሚፈጅ ፍለጋን ያስከትላል። በየትኛው በር እንደገቡ፣ በአቅራቢያ ምን የሚታወቅ ምልክት እንዳለ፣ ግንዱ መንገዱን በሙሉ ወይስ በከፊል እንደዘጋ፣ ውፍረቱን በግምት፣ መሬት ላይ መጋደሙን ወይም በሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱን እንዲሁም ያዩበትን ሰዓት ይግለጹ። የእጅ ስልክዎ የካርታ መተግበሪያ ያሉበትን ቦታ በቁጥር ስለሚያሳይ፣ ያንን ቁጥር ከፎቶግራፍ ጋር ማቅረብ ፍለጋውን ያሳጥራል።

መረጃውን ለፓርኩ አስተዳደር ወይም በመግቢያው በር ላይ ለሚገኘው የጥበቃ ሠራተኛ ያቅርቡ። የተጎዳ ሰው ካለ ግን አስቀድመው የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907፣ ወይም የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራርን በ939 ይጥሩ። ዛፉ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ከወደቀ ግንዱን ሳይነኩና ወደ ሽቦው ሳይጠጉ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ያሳውቁ፤ ሌሎች መንገደኞችም እንዳይቀርቡ ከሩቅ ሆነው ያስጠንቅቁ።

ግንዱን በራስ ለመቁረጥ መሞከር በሁለት ምክንያቶች ተገቢ አይደለም። አንደኛ፣ ተጎንብሶ ወይም በሌላ ዛፍ ተደግፎ የቀረ ግንድ በውስጡ የታመቀ ኃይል አለው፤ መጥረቢያ ሲያርፍበት በድንገት ተፈናጥሮ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ሁለተኛ፣ በመንግሥት ደን ውስጥ ያለፈቃድ ዛፍ መቁረጥ በደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የተከለከለ ነው፤ የወደቀውን አነሣለሁ በሚል ሰበብ የቆመው እንዳይቆረጥም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መጠቆም ግን ከወንጀል ጋር አያያይዝም፤ ዛፉን ያየ ሰው እንዴት እንደወደቀ የማስረዳት ግዴታ የለበትም።

ጥቆማው ምላሽ እስኪያገኝ ድረስ የተጠቃሚው ጥንቃቄ ወሳኝ ነው። ግንድ ሲያጋጥምዎ ከብስክሌትዎ ወርደው፣ ከላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ አለመኖሩን አረጋግጠው፣ በዋናው መንገድ ላይ ብስክሌቱን አንሥተው ይሻገሩ፤ ይህ ካልተቻለ በመጡበት ይመለሱ። መንገዱ ላይ ውኃ ከተኛ ዳር ዳሩን መዞር መንገዱን ስለሚያሰፋው በመካከሉ ቀስ ብለው ይለፉ። ጎማዎ ጥልቅ ዱካ የሚተው ከሆነ ወይም ጭቃው ከጎማው ጋር የሚጣበቅ ከሆነ፣ መንገዱ ለዕለቱ ለመጋለብ አልደረሰም ማለት ነው፤ ፀሐይ እስኪያደርቀው መታገሥ ለነገ መንገዱን ያተርፋል። የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ ስለሚያዳልጥ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በድንገት ከመያዝ ይልቅ ከሩቁ ፍጥነት መቀነስ ይመረጣል።

ጥቆማ ያቀረበ ዜጋ ውጤቱን የመጠየቅ መብት አለው። ያቀረቡበትን ቀንና የተቀባዩን ክፍል በማስታወሻ ይያዙ፤ ዛፉ ካልተነሣም ይህንኑ ጠቅሰው በድጋሚ ያሳስቡ። ሕዝብ የሚጠቁመው ምላሽ እንደሚያገኝ ሲያምን በመሆኑ፣ ምላሽ መስጠት የአስተዳደሩ ግዴታ ነው። ሁለቱ ወገኖች ድርሻቸውን ሲወጡ ማለዳ ላይ የተዘጋው መንገድ ቦረቦር ሳይሆን በቶሎ ይከፈታል፤ ከኋላ የሚመጣው ብስክሌተኛም በሰላም ወደ ቤቱ ይመለሳል።