«ብቻውን ሠራው» ሙገሳ አይደለም

አቀናባሪ ከኪቦርዱ ጀርባ ወጥቶ በስሙ አልበም ሲያወጣ ደስ ይለኛል። የሚያንገበግበኝ ተከትሎት የሚመጣው ሙገሳ ነው፤ «ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ቅንብሩም የራሱ ነው፤ ሁሉንም ብቻውን ሠራው» ይባላል። ሮፍናን ከዲጄነት ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2018 «ነጸብራቅ»ን ካወጣ ወዲህ ይህ አባባል የችሎታ መለኪያ ሆኗል። ሮፍናን ያገኘው ክብር ይገባዋል። ጥፋቱ ብቻን መሥራትን ግብ አድርገን የያዝነው የእኛ ነው።

ጉዳቱ በጋሞ ሙዚቃ፣ አርባ ምንጭ ላይ ይብሳል። ከከተማው ወደ ጨንቻ በሚያወጣው ዳገት የሚኖሩት፣ ከጋሞ ወገን የሆኑት ዶርዜዎች ዘፈናቸው ለአንድ ሰው አይሆንም። አውራጁ ይጀምራል፤ አንዱ በቀጭን ድምፅ ከላይ ይገባበታል፤ ሌላው የተለየ ዜማ ይዞ ያቋርጠዋል፤ የቀሩት ከሥር ይይዙታል። ዘፈኑን ሙሉውን ከአንድ ሰው አፍ ብቻ አታገኙትም። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ቤርናር ሎርታ ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀርጾ በሸክላ ያስወጣው ይህንኑ የብዙ ድምፅ አዘፋፈን ነው።

ዛሬ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሆነውን ተመልከቱ። አቀናባሪው በስልክ የተቀዳ የጋሞ ጭፈራ ይሰማል፤ ጆሮ የምትይዘዋን አንዲት መስመር ይነጥላል፤ በኪቦርድ ይጫወታታል፤ ከበሮውን ከኮምፒውተር ያስገባል፤ ተቀባዮቹንም የራሱን ድምፅ ደራርቦ ይተካቸዋል። ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ የሚገባ ድምፅ ከክሊኩ (ከምት መቁጠሪያው) ጋር ካልገጠመ እንደ ስህተት ተቆርጦ ይስተካከላል። ዘፈኑ ሠርግ ላይ ያስጨፍራል። ጋሞነቱ ግን እዚያው ስቱዲዮ ቀርቷል።

«ቡድን አምጥቶ መቅዳት ውድ ነው» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የትራንስፖርቱ፣ የአበሉና የስቱዲዮው ሰዓት ወጪ ይከብዳል። አቅም ሲያንስ መቀነስ ያለ ነው። በአቅም ማነስ የቀረውን ነገር እንደ ጥበብ ማወደስ ግን ሌላ ነው።

ታላላቆቻችን በዚህ መንገድ አልሄዱም። ግርማ በየነ በራሱ ድምፅ የቀዳቸው ዘፈኖች ጥቂት ናቸው፤ የተከበረው ለሌሎች ባቀናበራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በስሙ አልበም ሲያወጣም አካሌ ውቤ የተባለውን የፈረንሳይ ባንድ ይዞ ነው። አቀናባሪውን ኤልያስ መልካንም ያወቅነው በእዮብ መኮንንና በዘሪቱ ከበደ ድምፅ ውስጥ ነው። በዚህ ማናቸውም አላነሱም።

ስለዚህ ከጋሞ ዜማ የሚነሳ አቀናባሪ ዘፋኞቹን ጨንቻ ድረስ ሄዶ ይቅዳ፤ ሁሉም የየራሱን ድምፅ ይዞ ይግባ። ክፍያቸውን በውል ያስፍር፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም መብት ሰጥቷል። ስማቸውንም አንድ በአንድ ይጻፍ። የሬዲዮ ጋዜጠኞቻችን ደግሞ «ብቻህን ነው የሠራኸው?» ብለው ከማድነቅ «ከማን ጋር ሠራኸው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ የሌለው አቀናባሪ የጋሞን ሙዚቃ አሳደግሁ ማለት አይችልም።