አልጋ አለ፣ ቤት ግን የለም

«ድሬዳዋ የሚያድር ጎብኚ የለም። የሚመጣው ከአውሮፕላን ለመውረድና ወደ ሐረር ለመውጣት ብቻ ነው።» ይህን አባባል ከአስጎብኚው፣ ከባለሆቴሉ፣ አንዳንዴም ከሹማምንቱ አፍ መስማት የተለመደ ሆኗል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ለክርክር ያስቸግራል። አዎን፣ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ የወረደ እንግዳ ሻንጣውን መኪና ላይ ጭኖ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን ይወጣና ጀጎል ውስጥ ያድራል። ያልተነገረው ሌላው ግማሽ ግን እንግዳው ድሬዳዋ ላይ የማያድርበትን ምክንያት ያዘጋጀነው እኛው ራሳችን መሆናችን ነው። ማደሪያ አጥቶ አይደለም የሚሄደው። አልጋማ ሞልቷል። የጠፋው ቤት ነው።

አልጋና ቤት አንድ አይደሉም። እኛ ሀገር መንገደኛ ሆቴል ደጃፍ ደርሶ «ክፍል አለ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «አልጋ አለ?» ነው የሚለው። መልሱም «አልጋ አለ» ወይም «አልጋ የለም» ነው። ቋንቋችን እውነቱን ተናግሯል። የምናከራየው አንሶላና ፍራሽ፣ ከዚያም ቢበዛ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ሻወር ነው። በየከተማው ያለው ፔንሲዮን ሁሉ ከዚህ አያልፍም። ባለ ብዙ ፎቁ፣ ባለ መስታወቱ ሆቴልም ቢሆን፣ ዋጋው ይወደድ እንጂ፣ የሚያከራየው ያንኑ አልጋ ነው። አዳማም፣ ሐዋሳም፣ ባሕር ዳርም፣ ድሬዳዋም ያለው አልጋ አንድ ዓይነት ነው። ጠዋት ዓይኑን የገለጠ እንግዳ መጋረጃውን እስኪከፍት ድረስ የት ከተማ እንዳለ አያውቅም፤ አንዳንዴ ከፍቶም አያውቅም።

ሐረር ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ጀጎል ውስጥ ቤተሰብ እየኖረባቸው እንግዳ የሚያሳድሩ ነባር የሐረሪ ቤቶች አሉ። ከጠባቧ መንገድ ላይ በር አንኳኩተው ይገባሉ፤ ግቢ ያገኛሉ፤ ከዚያም ጫማ አውልቀው ወደ ትልቁ ክፍል ይዘልቃሉ። ክፍሉ ወንበር የለውም። ነደባ የሚባሉ፣ ከወለሉ በደረጃ ከፍ ከፍ ያሉ አምስት መቀመጫዎች አሉት። የትኛው የቤቱ አባወራ፣ የትኛው የሽማግሌ፣ የትኛው የልጅ ስፍራ እንደሆነ የተለየ ነው። ሰው በክብሩና በዕድሜው የሚቀመጥበት ቤት ማለት ነው። ግድግዳው ላይ በሴቶቹ እጅ የተሰፉ ስፌቶች በረድፍ ተሰቅለዋል፤ ጎድጓዳዎቹ መደርደሪያዎች ውስጥ ሳህንና መጽሐፍ ይቀመጣል። በስተጎን ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት ትንሽ ክፍል አለች። የነደባው ቀይ ቀለም በጥር 1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የወደቁት ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ታሪክ አዋቂዎች ይከራከሩበት፤ የቤቱ እመቤት ግን ለእንግዳዋ እንደዚያ ብላ ትነግረዋለች። እንግዳውም ያን ሌሊት የሚያድረው ከጨለንቆ ጋር ነው።

ጠዋት ከቡና ቅጠል በወተት የተፈላ ሆጃ ይቀርብለታል። ቁርስ በክፍያው ውስጥ ነው። የቁርሱን ዋጋ ብቻ ያየ ሰው ምንም አላየም። እንግዳው ገንዘቡን የከፈለው ለእመቤቲቱ ነው፤ እሷ ቆርቆሮዋን የምታስጠግነው፣ ግድግዳዋን የምታስቀባው ከዚያው ገንዘብ ነው። የሐረር ጀጎል በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ይህ ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን መዝገቡ ፓሪስ ተቀምጦ ጣራ አያደርቅም። ጣራ የሚያደርቀው ቤቱ ውስጥ የሚኖር፣ ከቤቱም የሚጠቀም ሰው ነው።

ወደ ታች እንውረድ። ድሬዳዋ ሐረር አይደለችም፤ እንድትሆንም የሚመኝ የለም። ከተማዋ የተወለደችው ባቡሩ ተራራውን መውጣት ስላልቻለ ነው። አጤ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ሐዲዱን በሐረር በኩል የሚያሳልፍ ነበር፤ የዳገቱ ወጪ አልቻል ሲል መስመሩ ከግርጌ ቀረ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ደረሰ። ከተማዋም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ መካከል ድሬዳዋ የመስመሩ ጫፍ ነበረች፤ ጭነቱ ሁሉ እዚህ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫናል። ኩባንያው ጣቢያውን፣ የጥገና ጋራዡን፣ የሠራተኞቹን ቤቶች ሠራ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ የመኑ ተከተሉ። ከዚራ እንዲህ ተወለደች፤ ከደቻቱ ማዶ ደግሞ መጋላ።

የከዚራን አሮጌ ቤቶች ልብ ብሎ ያየ ሰው የሚገርመው ውበታቸው ብቻ አይደለም፤ ብልሃታቸው ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ቤቶቹ የተሠሩት የማቀዝቀዣ መሣሪያ ባልነበረበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ሆነ፤ ጣራው ከፍ አለ፤ ሙቀቱ ወደ ላይ ይሸሻል። ዙሪያውን ሰፊ በረንዳ ተደረገለት፤ ፀሐይ ግድግዳውን በቀጥታ እንዳትመታ። መስኮቱ አየር የሚያሳልፍ የእንጨት መዝጊያ ተበጀለት። በበረንዳው ፊት ዛፍ ተተከለ። ይህን ሁሉ የሚያሠራው መብራት ኃይል አይደለም፤ ጥላና ነፋስ ነው።

አሁን የሚሠራውን እንመልከት። ፊቱ ሙሉ በሙሉ መስታወት፣ ለዚያውም ወደ ምዕራብ ፀሐይ የዞረ። መስታወት ሙቀት አስገብቶ አያስወጣም፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፣ ፀሐይ ላይ የቆመ ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ ይበቃል። ያ ሕንፃ ሌት ተቀን ማቀዝቀዣ ካላገሣበት አይታደርበትም። መብራት የጠፋ ዕለትማ ባለ አምስት ፎቅ ምድጃ ይሆናል። «እንግዳ የሚፈልገው ዘመናዊ ነገር ነው» የሚሉን ሰዎች ሆይ፣ ለመሆኑ ከዚህ ውስጥ ዘመናዊው የትኛው ነው? ሙቀቱ ወይስ ዕዳው?

«የከዚራ ቤቶች የፈረንጅ ናቸው፤ ለምን እናለቅስላቸዋለን?» የሚሉም አሉ። እነዚህ ሰዎች «ለገሃሬ» የሚለውን ስም ሲጠሩ ግን ምላሳቸውን አያደናቅፋቸውም፤ ቃሉ የፈረንሳዩ «ላ ጋር» ነው፣ ጣቢያ ማለት። አፋችን ያላመጠውን ዓይናችን የሚጠየፍበት ምክንያት የለም። ቤቱን ፈረንሳዊ ይንደፈው፤ ድንጋዩን የተሸከመው፣ ጣራውን ያለበሰው፣ ከዚያም ለሁለትና ለሦስት ትውልድ የኖረበት የድሬ ሰው ነው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ አርጎባው በአንድ በረንዳ ላይ ተቀምጠው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቋንቋ የሚቀላቅሉት በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ነው። ድሬ ላይ «አንቱ» ብዙ አይሰማም ይባላል፤ ከአባቱ እኩያ ጋር «አንተ» እየተባባለ የሚጫወት ሰው ያደገው በባቡር ሠፈር ነው። ይህ የከተማዋ ጠባይ ነው፤ የእንግዳ ሀብትም ነው። በመስታወቱ ሆቴል መስተንግዶ ጠረጴዛ ላይ ግን አይሸጥም።

ጎረቤቷ ሐረር እንኳ ለእንግዳ ምን እንደምታሳይ ይታወቃል። «የራምቦ ቤት» የሚባለውን ያማረ የእንጨት ሕንፃ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ገጣሚው ካረፈ በኋላ ነው። ራምቦ የሞተው በ1884 ዓ.ም. ነው፤ እዚያ ቤት አንዲት ሌሊት አላደረም። ሆኖም ቤቱ ታድሶ ሙዚየም ሆኗል፤ ሰው ከዓለም ዳርቻ መጥቶ ያየዋል። በዚህ ሐረሮችን አልወቅስም፤ እንዲያውም አደንቃቸዋለሁ። ገጣሚ ያልኖረበት ቤት ያን ያህል ከተከበረ፣ የባቡር ሠራተኛ በእርግጥ የኖረበት ቤት እንዴት አልጋ ሊዘረጋበት አይገባም?

የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። የከዚራ ቤት ለምን የእንግዳ ማረፊያ አይሆንም ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ቤቱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ግን ይከብዳል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/67 ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነውን ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ለኪራይ ቤቶች አስረከበ። አዋጁ ለብዙ ደሃ መጠለያ አስገኝቷል፤ ይህን የሚክድ ሰው ሕሊና ይጎድለዋል። ሁለተኛውን ውጤት መናገር ግን አስፈላጊ ነው። ኪራዩ ለዓሥርት ዓመታት ሳይነቃነቅ ቆየ፤ በዚያ ገንዘብ ቤት ሊጠገን አይችልም። ተከራዩ ካርታ የለውም፤ ካርታ ስለሌለው ባንክ አያበድረውም፤ ነገ ቤቱ ቢወሰድበት ያፈሰሰው ብር አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ አይጠግንም። ቀበሌውም ገንዘብ የለኝም ይላል። ቤቱ በሁለቱ መካከል ቆሞ ይፈርሳል። በመጨረሻም አንድ ኮሚቴ ይመጣና «አርጅቷል፣ ለነዋሪው አደገኛ ነው» ብሎ ይጽፋል። እውነቱን ነው፤ አርጅቷል። ያስረጀው ማን እንደሆነ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ አይጻፍም።

የሐረሩ እመቤትና የከዚራው ተከራይ ልዩነታቸው ትምህርት ወይም ባህል አይደለም። አንዷ ቤቱ የራሷ ነው፤ ሌላው አይደለም። በቃ።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥላል። መልካም። ግን ግዴታ ብቻ የተሰጠው ተከራይ ምን ያደርጋል? ከወር ደመወዙ ቀንሶ የመቶ ዓመት በረንዳ ያሳድሳል? ሕጉ ዱላውን እንጂ እንጀራውን አላሳየውም። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ፒያሳ ስትፈርስ ያየነው የዚሁ መጨረሻ ነው፤ ስንት ሰው ተወልዶ ያደገባቸው ቤቶች በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆኑ። የጣይቱ ሆቴል ምሳሌ ግን ከዚያው ከፒያሳ ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶታል፤ ሆኖም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እንግዳ ሲያሳድር የኖረ ቤት በመሆኑ «ማንም የማይፈልገው አሮጌ ቤት» ሊባል አልቻለም። ስሙን ያኖረለት መዝገብ ሳይሆን የሚተኛበት ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተባለ ክርክሩ ለክፉ ሰው መሣሪያ ይሆናል። አሮጌ ቤት ገንዘብ እንደሚያመጣ የታወቀ ዕለት፣ ቤቱን ያልፈለገው ባለሀብት ሁሉ ቅርስ ወዳድ ሆኖ ይነሳል። ማራኬሽን ያየ ያውቀዋል። ሞሮኮዎች ሪያድ የሚሏቸው፣ መካከላቸው ግቢ ያላቸው ቤቶች ማደሪያ በሆኑ ጊዜ አውሮፓውያን እየመጡ ገዟቸው፤ ግድግዳው ዳነ፣ ብዙ ነባር ቤተሰብ ግን ከከተማዋ እምብርት ወጣ። ነዋሪው የተባረረበት ታሪካዊ ቤት ያማረ መስታወት ቤት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። ስለዚህ «ከዚራን ለአንድ ባለሀብት እንስጥና ሪዞርት ያድርጋት» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ይህ ጸሐፊ ከአፍራሹ ኮሚቴ ጎን ባይቆምም ከባለሀብቱ ጎንም አይቆምም።

የሚፈለገው ነገር ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። እየኖረበት ላለው ተከራይ በረጅም ጊዜ ውል ይሰጠው፤ ውሉ «በረንዳውን፣ መስኮቱን፣ ጣራውን እንደነበረ ትጠግናለህ፤ በምላሹ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ለእንግዳ ታከራያለህ፤ ውሉም ለልጅህ ይተላለፋል» ይበል። ባንክ በዚያ ውል ያበድረው። ፈቃድ ሲጠይቅ እንደ ትልቅ ሆቴል ሊፍትና የስብሰባ አዳራሽ አምጣ አይባል፤ ንጹሕ ውኃ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ የእሳት ማጥፊያ ይበቃዋል። ግብሩም እንደ ገቢው ይሁን።

«ማን ያድርበታል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከፈረንጅ መጠበቅ ደግሞ ሌላው ሞኝነታችን ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚወርደውን ሕዝብ ቁጠሩ። ያን ሰሞን ድሬዳዋም ሐረርም አልጋ አይገኝም፤ ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ ያድራል። ከአዲስ አበባ ልጆቹን ይዞ የመጣ አባወራ ሳሎን ውስጥ የሚተኛው ወድዶ ይመስላችኋል? ለልጆቹ አያታቸው የተሳፈሩበትን ባቡር ጣቢያ እያሳየ፣ ማታ በባቡር ሠራተኛ ቤት በረንዳ ላይ ነፋስ እየተቀበለ ቢያድር አይከፍልም? የመንገደኛው ባቡር በአሮጌው ሐዲድ ወደ አዲስ አበባ መመላለሱን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ጣቢያውን ከከተማው ውጭ አድርጎታል። የድሮውን ጉዞ የሚያስታውስ ትውልድ ገና በሕይወት አለ፤ ልጆቹን ይዞ መምጣትም የሚችል ነው።

ቁርሱን ለድሬ ሴቶች መተው ነው። ትኩስ ፈጢራ በእንቁላልና በማር፣ ፉል፣ ሳምቡሳ፣ ቅመም የገባበት ሻይ። ይህን ሁሉ ዛሬ እንግዳው የሚያገኘው ከሆቴሉ ወጥቶ፣ መንገድ ተሻግሮ፣ በላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው፤ ሆቴሉ ውስጥ የሚሰጡት የቀዘቀዘ ዳቦና ማርማላታ ነውና።