ዘሩን የሚበላ ቡድን

የዘር እህሉን በልቶ የጨረሰ ገበሬ በመኸር ምን ያጭዳል? የዋሽንግተንን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ ኮማንደርስን፣ የሚመሩትን ሰዎች የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

እንደሚታወቀው በየዓመቱ በሚያዝያ ወር 32ቱ ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ወጣት ተጫዋቾች በ7 ዙር ይመርጣሉ። ድራፍት ይሉታል። ደካማው ቡድን ቅድሚያ የሚሰጠው እንዲያገግም ታስቦ ነው።

የእኛዎቹ ግን ተራቸውን ለመሸጥ ይቸኩላሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. ሮበርት ግሪፈንን ለማግኘት የዚያን ዓመት አንደኛና ሁለተኛ ዙር፣ በዚያ ላይ የ2013ንና የ2014ን አንደኛ ዙር ምርጫ ለሴንት ሉዊስ ራምስ አስረከቡ። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን የምድብ አሸናፊ አደረገ። ዳሩ ግን ጉልበቱ ሳይድን በጃንዋሪ 2013 ከሲያትል ጋር አሰለፉት፤ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም። በዲሴምበር 2014 ራምስ ሜዳችን ድረስ መጥቶ በዚያ ልውውጥ ያገኛቸውን 6 ተጫዋቾች አምበል አድርጎ ለሳንቲም ዕጣ ላካቸው። ከዚያም 24 ለ 0 አሸንፎን ሄደ። ይህ ትምህርት ይበቃ ነበር።

አልበቃም። በ2024 በ2ኛ ተራ የተመረጠው ጄይደን ዳንኤልስ ቡድኑን ከ1991 የውድድር ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኮንፈረንሱ ፍጻሜ አበቃው። ሰፈሩ በደስታ ሰከረ። አመራሩ ግን ነባር ተጫዋቾችን ለማምጣት ሲል ምርጫውን መነዘረው፤ በ2025 ድራፍት የመረጠው 5 ወጣት ብቻ ነው፤ የ2026 ሁለተኛ ዙርም አስቀድሞ ሄዷል። ነባር ጭራሽ አይምጣ አንልም፤ ከመጡት አንዱ ላረሚ ተንሲል የልጁ ጠባቂ ነው፣ ይህ ደግ ነው። ነገር ግን በኖቬምበር 2025፣ ያውም ከዚያው ከሲያትል ጋር፣ ጨዋታው ካለቀለት በኋላ ዳንኤልስን ሜዳ ላይ ትተውት ክርኑ ወለቀ። ጠባቂ ገዝቶ ልጁን አለመጠበቅ ምን ይባላል?

«ኳስ ነው፤ እናንተ ምን አገባችሁ?» የሚሉን አሉ። ያገባናል እንጂ! የዋሽንግተን ከተማ ምክር ቤት በሴፕቴምበር 2025 ባጸደቀው ውል መሠረት በአርኤፍኬ ቦታ ለሚሠራው ስታዲየም 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከሕዝብ ገንዘብ ይወጣል። ታክሲ ነድተን፣ ሱቅ ቆመን የምንከፍለው ግብር ነው።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ዙር ተራ እንደ ትርፍ ዕቃ አይሸጥ። የተመረጠ ወጣት እስኪበስል ይጠበቅ፤ የታመመም አይሰለፍ። ልጆቻችን በለበሱት ማሊያ ላይ ያለው ስም በየሦስት ዓመቱ መለወጥ የለበትም። ማሊያ ውድ ነው፤ የልጅ ተስፋ ደግሞ ከማሊያም ይበልጣል።