ስንት ያስከፍላል? ምንስ ይመረምራል?

ለመጋባት ያሰባችሁ ወይም ልጅ ለመውለድ የምትዘጋጁ ጥንዶች፣ የአባላዘር በሽታ ምርመራ ቤታችሁ ሆናችሁ ማድረግ ትመርጡ ይሆናል። ታዲያ ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት «የትኞቹን በሽታዎች ያያል?» ብላችሁ ጠይቁ።

በአፍ ፈሳሽ የሚሠራው ራስን መመርመሪያ ኤችአይቪን ብቻ ነው የሚያየው። ውጤቱ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይነበባል። ሆኖም ቫይረሱ ከተያዘ 3 ወር ካልሞላው ላያሳይ ይችላል፤ «አለ» ካለም በጤና ተቋም መረጋገጥ አለበት። ስለ ቂጥኝ፣ ስለ ጨብጥ፣ ስለ ክላሚዲያና ስለ ሄፓታይተስ ቢ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ቤት ድረስ መጥተው ናሙና የሚወስዱ የግል ላቦራቶሪዎች ሰፋ ያለ ምርመራ ያደርጋሉ። ስትደውሉ ጥቅል ዋጋ ብቻ ሰምታችሁ አትዝጉ፤ የእያንዳንዱን ምርመራ ስምና ዋጋ፣ የመምጫውንም ክፍያ ለይተው ይንገሯችሁ። የሚወሰደው ደም ብቻ ከሆነ ጨብጥና ክላሚዲያ አልተካተቱም ማለት ነው። እነሱ የሚታዩት በሽንት ወይም ከብልት በሚወሰድ ናሙና ነው። ሁለቱም በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳዩ ቆይተው መካንነት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ ልጅ ለሚያስቡ ሊቀሩ አይገባም።

ነፍሰ ጡር ለሆናችሁ ደግሞ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል በነጻ ነው፤ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራም የክትትሉ አካል ነው። ቂጥኝ በጊዜ ከተደረሰበት በፔኒሲሊን ይድናል፤ ጽንሱም ይተርፋል።

በመጨረሻም በጀቱን ለሁለት ሰው ያዙ። አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ፣ በሽታው ተመልሶ ይመጣል፤ ወጪውም እንዲሁ።